አልጋ ሥር የከረመ ሻንጣ

አንድ ብርድ የማይለየው የደጋ ከተማ ውስጥ ጌጤነሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ መኩሪያ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጇ ስለሺም ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ገብቷል። እሷ ሁለት ክፍል ቤቷን ይዛ፣ ጓሮዋን እየኮተኮተች፣ የታመመ እየጠየቀች፣ ለቅሶ እየደረሰች ትኖራለች። እጇ የማይሰስት ሴት ነበረች። ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም፤ ዱቄትም ሆነ ዘይት የቸገረው ጎረቤት ጠይቋት ባዶ እጁን አይመለስም።

ልብስ ላይ ግን አይሆንላትም። ከልብስ መለየት አትችልም ነበር።

መኝታ ቤቷ ውስጥ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን አለ። መኩሪያ ትዳር በያዙ ሰሞን ያሠራላት ነው። እዚያ ውስጥ ያልገባ ነገር የለም። መኩሪያ በየማለዳው ይደርበው የነበረ ወፍራም ካፖርት አለ። ስለሺ ሕፃን ሳለ የተጠቀለለባቸው ፎጣዎች፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ የለበሰው ዩኒፎርም፣ ክርኑ ላይ የተበሳ ሰማያዊ ሹራቡ አለ። ጌጤነሽ ቀጭን ሳለች የምትለብሳቸው፣ «ትንሽ ከሳ ካልኩ ይሆኑኛል» እያለች ያቆየቻቸው ቀሚሶች አሉ። ድሮ ይኖሩበት የነበረው ቤት መጋረጃ እንኳ አለ፤ አሁን ካለው መስኮት ጋር አይገጥምም፣ ቢሆንም አለ።

ከሁሉም የሚበዛው ግን የክት ልብስ ነው። ስለሺ በየበዓሉ ቀሚስ ይልክላታል። ጨርቁን በጣቷ ዳብሳ፣ ልጇን መርቃ፣ እንደነበረ አጣጥፋ ታስገባዋለች። ለበዓሉ የምትለብሰው ያንኑ የለመደችውን ነው። «ይሄማ ለደህና ቀን ይቆይ» ትላለች። ደህናው ቀን መቼ እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ የቁም ሳጥኑ የግራ በር በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ ሆነ፤ የመሐሉን ደግሞ በመቀነት ቁራጭ አሰረችው።

አንድ ዓመት ታናሽ እህቷ አስናቀች ታማ ሞተች። አስናቀች ባል አልነበራትም። የተወችው አንዲት ልጅ ነው፤ ኅብስት የምትባል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ዝምተኛ ልጅ። ጌጤነሽ በዚያን ሰሞን እግሯ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረችና ለቅሶውን እንኳ በወጉ አልቆመችም። ዘመድ ተመካከረና ልጅቷ ለጊዜው አጎቷ ዘንድ እንድትሆን ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ የአጎቷ ቤት ጠበበ። ለጊዜው ወደ ክርስትና እናቷ ተላከች። ክርስትና እናቷም የራሷ ጣጣ መጣባት። ጌጤነሽ ይህን ስትሰማ ገና በምርኩዝ እያነከሰች ተሳፍራ ሄደችና ልጅቷን ይዛት መጣች። መንገዱን ሙሉ እጇን አልለቀቀችም።

ቤት እንደ ገቡ አልጋዋን አሳየቻት። አዲስ ፍራሽ አስገብታ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፋ ነው የጠበቀቻት። ኅብስት ሻንጣዋን በሁለት እጇ እንደያዘች መሐል ወለል ላይ ቆመች።

«ልብሴን የት ላድርገው፣ እቴቴ?» አለች።

ጌጤነሽ የቁም ሳጥኑን የቀኝ በር ከፈተች። የታጨቀው ልብስ ወደ ውጭ ገፋ፤ አንድ አንሶላ ተንሸራቶ እግሯ ላይ ወደቀ። አንሥታ መልሳ ወተፈችውና እየሣቀች በሩን ዘጋች።

«ይሄ እንኳ ሞልቷል። ለጊዜው አልጋሽ ሥር አድርጊው፤ በኋላ እናስተካክለዋለን። ነይ አሁን ራት ይቀርባል፤ ርቦሻል።»

«እሺ፣ እቴቴ» አለች ኅብስት። ተንበርክካ ሻንጣውን አልጋው ሥር አስገባችው።

ወራት አለፉ። ልጅቷ ጎረቤት የሚያወራላት ሆነች። ሳይቀሰቅሷት ትነሣለች። አልጋዋን ስታነጥፍ ሰው የተኛበት አይመስልም። የበላችበትን ሳህን ወዲያው ታጥባለች። ልብሷን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ወደ ሻንጣው ትመልስና ዚፑን ትዘጋለች። ፊቷን የምታብስበት ፎጣ እንኳ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አያውቅም፤ ሲደርቅ እሱም ወደ ሻንጣው ይገባል። «እንዴት ያለች ሥርዓተኛ ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ» ይላሉ ጎረቤቶች። ጌጤነሽም ደስ ይላታል። «ልጄ ናት፤ ቤቷ ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

አልፎ አልፎ ብቻ አንድ ነገር ይከነክናታል። ልጅቷ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አይሰማም። ወጥ ይጨመርልሽ ስትባል ሁልጊዜ «ጠግቤያለሁ» ናት። ጌጤነሽን «እርስዎ» ከማለት አልፋ አታውቅም፤ እናቷን አንቺ ስትል ያደገች ልጅ መሆኗን ጌጤነሽ ታውቃለች። «ሐዘኑ ነው፤ ቀስ እያለ ይለቃታል» ብላ ራሷን ታጽናናለች።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የግቢው ቦይ በቅጠል ተደፍኖ ኖሮ ውኃው ሞልቶ በመኝታ ቤቱ በር ሥር ገባ። ኅብስት ሱቅ ተልካ ነበር። ጌጤነሽ ብቻዋን በመጥረጊያ ውኃውን ስታስወጣ የልጅቷ ሻንጣ ትዝ አላትና ጎትታ አወጣችው። ሥሩ በስብሷል። ቶሎ ካልተዘረጋ ልብሱ ሊሻግት ነው ብላ ዚፑን ከፈተችው።

ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ነበር። ዩኒፎርሟ አለ። ለፋሲካ የገዛችላት ቀሚስ ከነወረቀቱ አለ። ካልሲዎቿ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠቅልለዋል። ሳሙናዋ በላስቲክ ታስሯል። የአስናቀች ሻሽ በአራት ታጥፎ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከጥግ ደግሞ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አገኘች። ጌጤነሽ ቋጠሮውን በእጇ እንደያዘች ግራ ገባት። ልጅ የሚበላው ቆሎ በኪስ ይያዛል፤ ከልብስ ጋር አይታሽግም።

በሩ ላይ ድምፅ ሰማችና ቀና አለች። ኅብስት ዝናቡ ከላይ እስከ ታች አበስብሷት ቆማለች። ዓይኗ የተከፈተው ሻንጣ ላይ ነው።

«ዛሬ ነው የምሄደው?» አለች በቀስታ።

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። አጎቴ ቤትም ሻንጣዬ ወጥቶ ያገኘሁት ቀን ነው የሄድኩት።»

«ኧረ ልጄ፣ ውኃ ገብቶብን ነው። ልብስሽ ረጥቦ ነው ያወጣሁት።» ጌጤነሽ ሻንጣውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥሽው?»

«ለጊዜው እዚህ አድርጊው ብለውኝ ነበር» አለች ኅብስት። ወቀሳ አልነበረበትም። የታዘዘችውን መፈጸሟን ነው የምትናገረው።

«ቆሎውስ?»

«ለመንገድ ነው።»

ጌጤነሽ ቋጠሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ለጊዜው» ማለቷን ጨርሳ ረስታዋለች፤ አንዲት ከአፏ አምልጣ የወጣች ቃል ናት። ልጅቷ ግን ያችን ቃል ከዚህ በፊት በሁለት ቤት ሰምታት ነበርና ትርጉሟን አሳምራ ታውቃለች። እነዚያን ወራት በሙሉ፣ አዲሱ ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለብሳ፣ መንገዷን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ጌጤነሽ ልጅቷን አስጠጋቻት፤ በራሷ ጋቢ ጠቀለለቻትና ከሰል አያይዛ እርጥቡን ልብስ በየወንበሩ አሰጣችው።

በማግስቱ ጌጤነሽ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ለልጅቷ ቦታ ላዘጋጅ ብላ ቆርጣ ነው የተነሣችው። የመጀመሪያውን ቀሚስ አወጣች፤ ስለሺን አርግዛ የለበሰችው ነው። እንዴት ይሰጣል? አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አወጣች፤ ይሄ ለአንድ ሠርግ ይሆናል። ሦስተኛውን መኩሪያ ነው የገዛላት። መጋረጃውን አነሣች፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ሰፋ ያለ መስኮት ያለው ቤት ቢገጥምስ? ረፋዱ ሲያልቅ ያወጣችው ሁሉ ተመልሶ ገብቷል። ገፋ ገፋ በማድረግ ብቻ ከአንዱ መደርደሪያ ዳር ላይ ትንሽ ክፍተት አስገኘች።

«ይኸው ቦታ፤ ነይ ልብስሽን አስገቢ» አለቻት ኅብስትን።

ልጅቷ ሁለት ልብስ አመጣች። ከዳር አድርጋ፣ ሌላው እንዳይነካ በመዳፏ ደግፋ አስገባቻቸው። ቀሪውን ወደ ሻንጣው መለሰችው።

«ሌላውስ?»

«ይበቃኛል፣ እቴቴ። የእርስዎ ልብስ እንዳይጨማደድ።»

ጌጤነሽ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። እንግዳ ርቦት ሳለ «በቃኝ» የሚልበት ድምፅ ነው። ስንቱን እንግዳ በግድ አጉርሳ ያን ድምፅ አሸንፋዋለች። ይሄኛውን ግን በማጉረስ አታሸንፈውም። ልጅቷ ትክክል ነበረች። በቤቱ ውስጥ ለማይለበስ ቀሚስ፣ ለማይሰቀል መጋረጃ፣ ከዓመታት በፊት ላደገ ሕፃን ልብስ ቦታ ነበረ፤ በየቀኑ ለምትለብስ ልጅ ግን የተረፈው ዳር ብቻ ነው።

ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለችና ወደ ማታ ለልጇ ደወለች።

«ስለሺ፣ የሕፃንነት ልብስህን ለሰው ልሰጠው ነው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«የምን የሕፃንነት ልብስ?»

«ፎጣዎችህ፣ ዩኒፎርምህ፣ ያች ሰማያዊ ሹራብ።»

«እስካሁን አሉ እንዴ?» ስለሺ ሣቀ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ሹራብ እንደነበረኝም አላስታውስ።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ክርኑን የበሳኸው ከኮክ ዛፍ ላይ ስትወርድ ነው። አባትህ ሊቆጣህ ብሎ ሣቁ አመለጠው።»

«ይሄን ዛሬ ገና ነው የምሰማው» አለ ስለሺ። «ሹራቡን ለሚለብሰው ስጪው፣ እማዬ። ወሬውን ግን ለእኔ አውሪኝ።»

ቅዳሜ ጌጤነሽ የቁም ሳጥኑን ሦስት በር ባንድ ጊዜ ከፈተች። በዚህኛው ቀን ብቻዋን አልነበረችም። «ነይ አግዢኝ» ብላ ኅብስትን አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ሁሉንም አውጥታ ወለሉ ላይ ከመረችው። የልብሱ ክምር ልጅቷን እስከ ጉልበቷ ሸፈናት። ከዚያ አንድ ባንድ እያነሣች ታወራ ጀመር። ይሄን ለብሼ ስለሺን ክርስትና አስነሣሁ። ይሄን አባባ መኩሪያ ሲያመጣ ልኩን ስቶ ነው፤ እንዳይከፋው ብዬ በመርፌ ቁልፍ ይዤ ለበስኩት። ኅብስት ታዳምጣለች፣ ታጣጥፋለች። አንዳንዴ ትጠይቃለች።

«ይሄንንስ መቼ ነው የሚለብሱት?» አለች አንዱን ጥልፍ ቀሚስ ብርሃኑ ላይ ዘርግታ።

«ለክት ነው።»

«ክት መቼ ነው?»

ጌጤነሽ ልትመልስ አሰበች። ከኋላዋ ያለፉትን በዓላት አስታወሰች፤ ሁሉም ደህና ቀን ነበሩ፤ ሁሉም አልፈዋል። ቀሚሱን ተቀበለቻትና የምትለብሰው ልብስ ወገን አስቀመጠችው።

ከታች፣ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለው የሠርጓ ካባ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የለበሰችው። ይደበዝዛል ብላ ፀሐይ አላሳየችውም፣ ይበላሻል ብላ ለሰው አላዋሰችውም። ጥቅልሉን ስትፈታው ጨርቁ በእጇ ላይ ተበጣጠሰ። ብል ገብቶበት ወንፊት አስመስሎታል። የወርቅ ክሩ ጥልፍ ብቻ የሚይዘው አጥቶ ተንጠልጥሏል። ጌጤነሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ካባውን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ እንባዋ ወረደ።

«እናትሽ አንድ ጊዜ ይህን ልልበሰው ብላኝ ነበር» አለች። «ለአንዲት ፎቶ ብቻ። እንዴት ያምርባት ነበር መሰለሽ። እኔ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ከለከልኳት። ይኸው ለብል አስቀመጥኩት።»

ኅብስት ከአልጋው ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። የካባውን ጫፍ ያዘች፣ ለቀቀችው፤ ከዚያ ትንሿን እጇን በጌጤነሽ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እማዬ አልተቀየመችም» አለች። «ስለ አንቺ ስታወራ ሁልጊዜ ደስ ብሏት ነው። አታልቅሺ፣ እቴቴ።»

አታልቅሺ አለች። አያልቅሱ አላለችም። ልጅቷ ራሷ አላስተዋለችውም፤ ጌጤነሽ ግን በዚያ ሁሉ እንባ መሐል ሰማችው፤ እንዳይሸሽ የፈራች ይመስል የልጅቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ፎጣዎቹና የሕፃን ልብሶቹ በቅርቡ ለወለደች ጎረቤት ሄዱ። «ከከሳሁ» የሚባሉት ቀሚሶች የሚሆኗቸው ቀጫጭን ሴቶች በሰፈሩ ሞልተው ኖሯል። መጋረጃው ተቀዶ የወጥ ቤት ጨርቅ ሆነ። ከካባው የወርቅ ጥልፉን ብቻ ፈትተው አስቀሩ። ከክምሩ መሐል የወጣውን የመኩሪያን ኩታ ጌጤነሽ ለማንም አልሰጠችም፤ ወደ ቁም ሳጥኑም አልመለሰችውም። ማታ ማታ ብርድ ሲሆን ትለብሰው ጀመር።

የከበዳት ካፖርቱ ነበር። የሰፈሩ ጥበቃ ጋሼ ቦጋለ በዚያ ብርድ በሳሳች ጋቢ ላይ ላስቲክ ደርቦ እንደሚያድር ታውቃለች። ቢሆንም ሰው ላይ ስታየው ልቧ የሚሰበር መሰላት። ደጋግማ አነሣችው፣ ደጋግማ ሰቀለችው። በመጨረሻ አንድ ምሽት ሐሳቧን ሳትለውጥ ወሰደችና እጁ ላይ ጣለችለት፤ ምርቃቱን እንኳ ሳታስጨርሰው ተመለሰች።

ከቀናት በኋላ በማለዳ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካፖርቱን ከጀርባ አየችው። ኮሌታው ቀና ብሏል፤ መኩሪያ ያደርገው እንደነበረው። እግሯ ቆመ። ጋሼ ቦጋለ ዞር ሲል አያትና ፊቱ በራ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ጌጤ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱስ እንዴት አደረገዎ?»

«ዘንድሮ ብርድ አለ እንዴ?» አለ ደረቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ።

ጌጤነሽ የፈራችው ስብራት አልመጣም። ያ ካፖርት ከባሏ ሞት ወዲህ በጨለማ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን ማለዳ ተነሥቶ ወጥቷል፣ ሰው አሙቋል። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ፈገግ እንዳለች ሄደች።

የቁም ሳጥኑ የቀኝ በር ግን ባዶውን ቀረ። ጌጤነሽ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፣ መደርደሪያው ላይ ንጹሕ ወረቀት አነጠፈች፣ መስቀያዎች ሰቀለች። ኅብስትን ጠራቻት።

«ይሄ በር ያንቺ ነው» አለቻት። «ለጊዜው አይደለም። አድገሽ፣ ተምረሽ፣ አንድ ቀን ራስሽ ፈልገሽ እስክትወጪ ድረስ ያንቺ ነው። ያን ጊዜም ስትመጪ ያንቺ ነው።»

ኅብስት ባዶውን መደርደሪያ አይታ ጌጤነሽን አየቻት። ጌጤነሽም አላጣደፈቻትም። በዚያን ዕለት ልጅቷ ዩኒፎርሟን ብቻ ሰቀለች። በማግስቱ የፋሲካውን ቀሚስ ከወረቀቱ አውጥታ አጠገቡ ሰቀለችው። እንዲያ እንዲያ እያለች፣ ሳምንት ሳይሞላ የእናቷ ሻሽ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ቆሎውን አንድ ከሰዓት በኋላ ራሷ አምጥታ በሳህን ገለበጠችው፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን እያዩ አብረው ቆረጠሙት። ትንሽ ሻግቶ ነበር፤ ሁለቱም ነገሩን አላነሡትም።

እሑድ ጌጤነሽ ያንን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። «ምን ተገኘ ዛሬ?» አሏት ሴቶቹ። «እሑድ ነዋ» አለቻቸው።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንድ ቀን ጌጤነሽ ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ቤቷ የሌላ ሰው ቤት መሰላት። አንዱ ጫማ በሩ ላይ ተገልብጧል፣ ሌላው ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። ሹራብ አንድ እጅጌው ወደ ውስጥ እንደተገለበጠ ወንበር ላይ ተጥሏል። ደብተር አልጋው ላይ ተበትኗል። የቁም ሳጥኑ የቀኝ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የተሰቀለው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ አንድ ቀሚስ መሬት ወርዷል። ከጓሮ በኩል የልጆች ሣቅና የገመድ ዝላይ ድምፅ ይሰማል።

ጌጤነሽ የተዝረከረከ ቤት አትወድም። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሹራቡን አነሣችና እንደያዘችው ቆመች። ያች አልጋዋ የተኛችበት የማይመስል፣ ፎጣዋን እንኳ ሰቅላ የማታውቅ ልጅ ናት ይህን ሁሉ የጣለችው። ሰው በሰው ቤት እንዲህ አይጥልም።

«ኅብስት» ብላ ተጣራች። «ይሄን ሁሉ ማን ሊያነሣው ነው?»

«ቆይ እቴቴ፣ አሁን እመጣለሁ» አለ ድምፅ ከጓሮ። አልመጣችም። የገመዱ ድምፅ ቀጠለ።

ጌጤነሽ ዳግመኛ አልጠራቻትም። ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ የተገለበጠውን እጅጌ ቀስ ብላ አወጣችው፤ ሣቋን ማንም እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጌጤነሽ ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጅቷን ትወዳት ነበር፤ ቤቷ ነው ማለቷም ከልቧ ነው። ነገር ግን ያለፉ ቀኖችና ገና ያልመጡ ቀኖች ቤቱን ሞልተውት ነበርና ዛሬ በሩን ከፍታ የገባችው ልጅ ማረፊያ አጣች። የምንወደውን ሰው እንደምንወደው የሚያውቀው በነገርነው ቃል ብቻ አይደለም፤ ለእሱ ብለን ምን እንዳነሣን፣ የት ላይ ቦታ እንደለቀቅንለት ያያል። የማንለብሰው ልብስ ሌላው ላይ ይሞቃል፤ ትዝታው ደግሞ ከጨርቁ ጋር አይሄድም፣ ስናወራው ከእኛ ጋር ይቀራል። ለደህና ቀን ብለን የምናስቀምጠውም፣ ደህናው ቀን ዛሬ ካልሆነ፣ ለብል ነው የምናስቀምጠው።

እስኪ ቤታችሁ ስትገቡ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱና እያንዳንዱን ለማን ብላችሁ እንዳስቀመጣችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያ ዞር በሉና አብረዋችሁ የሚኖሩትን እዩ፤ «ቤትህ ነው፣ ቤትሽ ነው» እየተባለ፣ ሻንጣውን ሳይፈታ የተቀመጠ ሰው በመካከላችሁ ይኖር ይሆን?